በሐረር የታፈነ ትንፋሽ፦ ከገራድ መሐመድ ጭስ እስከ ኪሳችን ፓፍ



ዛሬ የምናወጋችሁ የጦርነት ታሪክ አይደለም፤ የትንፋሽ ታሪክ ነው። ጽሑፉ ረዘም ይላል። ቢሆንም ከመካከላችሁ በቦርሳው ሰማያዊ ፓፍ ይዞ የሚዞር፣ ወይም እናቱ ሌሊት ተነስታ ቁጭ ብላ ደረቷ ሲያፏጭ የሰማ ወንድም ወይም እህት ካለ እስከ መጨረሻው እንዲያነበው አደራ እንላለን። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

በጃንዋሪ 1855 ሪቻርድ በርተን የተባለ እንግሊዛዊ መኮንን ሐረር ገባ። አሚር ኑር ኢብን ሙጃሂድ ባሠሩት የጀጎል ግንብ ውስጥ አሥር ቀን ያህል ቆየ። ሰውየው ቋንቋ አዋቂ ነው፣ ደፋር ነው፣ ስለ አገሩ ሰው ሲጽፍ ግን ንቀቱን መሸፈን አይችልበትም፤ ስለዚህ በ1856 ያሳተመውን መጽሐፍ የምናነበው በጥንቃቄ ነው። ዓይኑ ግን ስል ነበር። ወጣቱ አሚር አሕመድ ኢብን አቡበክር ጤና እንደራቃቸው አስተውሏል። ገሚሱ ሰው «ከፈረስ ወድቀው ነው»፣ ገሚሱ «ተመርዘው ነው» ይል ነበር፤ በርተን በበኩሉ የሳንባ ነቀርሳ ነው ብሎ ገመተ። የአሚሩ ዋና ሹም ገራድ መሐመድ ደግሞ ሥር በሰደደ ብሮንካይትስ ይሰቃዩ ነበር። እንግዳው ለእኚህ ሰው የሰጣቸው ሕክምና ምን ነበር መሰላችሁ? ጭስ! ባሩድ በሚሠራበት ጨው፣ ማለትም በፖታሲየም ናይትሬት ውኃ ተነክሮ የደረቀ ቡናማ ወረቀት ይለኮሳል፤ ታማሚው ጭሱን ወደ ውስጥ ይስባል።

ዛሬ ሳንባው ለታመመ ሰው ጭስ መስጠት እብደት ይመስላል። ነገር ግን በርተን ከራሱ አላመጣውም። በዚያ ዘመን በእንግሊዝም ሆነ በፈረንሳይ አስም ሌሊት ሲነሳ በመኝታ ክፍል ውስጥ ይለኮስ የነበረው ይኸው ወረቀት ነው። የሐረሩ ገራድና የለንደኑ ባለጸጋ በዚያ ዓመት ከድንገተኛ መድኃኒት አንጻር እኩል ነበሩ ማለት ነው። ሁለቱም ጭሱን ይስባሉ፣ ጥቂት ቀለል ይላቸዋል፣ ወይም የቀለላቸው ይመስላቸዋል። በሽታው ግን እዚያው ነው።

ይህችን «እዚያው ነው» የምትለዋን ቃል ያዙልን። የዛሬው ጽሑፋችን በሙሉ በእሷ ላይ ነው የሚዞረው።

አስም ሲነሳ በሳንባ ውስጥ ሦስት ነገር ይሆናል። በአየር ቧንቧዎቹ ዙሪያ ያሉት ጡንቻዎች ይኮማተራሉ፤ የቧንቧዎቹ የውስጥ ግድግዳ ይቆጣል፣ ያብጣል፤ ወፍራም አክታም ይሞላቸዋል። ከባሰ አየር ማስገባት ያስቸግራል፤ ማስወጣት ደግሞ የበለጠ ያስቸግራል፤ ያ «ሲጥ» የሚለው ፉጨት የሚሰማው ለዚህ ነው። በደቂቃ ውስጥ የሚያቀሉ መድኃኒቶች የሚሠሩት በመጀመሪያው ላይ ነው፤ የተኮማተረውን ጡንቻ ያላሉታል። የቁጣውና የእብጠቱ ጉዳይ ሌላ መድኃኒትና ረጅም ጊዜ ይፈልጋል። ሰው ከጥንት ጀምሮ የፈለገው ግን የመጀመሪያውን ነበር። ትንፋሽ ያጠረው ሰው የነገን አያስብም፤ አይፈረድበትም።

የእኛ የሙስሊሙ ዓለም ሐኪሞች በሽታውን በዐረብኛ «ረብው» ይሉታል። ቃሉ የሚገኘው ሁላችሁም ከምታውቁት «ሪባ» ከሚለው ቃል ሥር ነው፤ መጨመር፣ ከፍ ማለት፣ ማበጥ የሚል ሐሳብ አለበት። በ925 አካባቢ ያረፈው አቡበክር አል-ራዚ ስለ አንድ ወዳጁ የጻፋት ትንሽ ድርሳን አለች። ወዳጁ አቡ ዘይድ አል-በልኺ ትልቅ ሊቅ ነው፤ ነገር ግን ጸደይ በመጣና ጽጌረዳ በፈነዳ ቁጥር አፍንጫው ይታፈናል፣ ይፈስሳል። አል-ራዚ ጥያቄውን እንዲህ ያቀርበዋል፦ ይህ ሰው ጽጌረዳ ሲያሸት ለምን ይታመማል? ሌላው ሁሉ ደስ የሚሰኝበት አበባ ለእሱ ለምን በሽታ ሆነ? አለርጂ የሚለው ቃል የተፈጠረው በ1906 ነው። አል-ራዚ ቃሉም ሆነ ምክንያቱ በእጁ አልነበረም፤ ጥያቄውን ግን በትክክል ጠይቆታል። በሽታውን ከሚያስነሳው ነገር ራቅ ማለትም የሕክምናው አንዱ ክፍል ነበር።

ከእሱ ከ250 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ1190 አካባቢ፣ በሰላሐዲንና በልጆቹ ዘመን በግብጽ የነበረው አይሁዳዊ ሐኪም ሙሳ ኢብን መይሙን ስለ ረብው ብቻ አንድ ሙሉ መጽሐፍ በዐረብኛ ጻፈ። ያስጻፈው በእስክንድርያ የሚኖር አስም ያለበት መኳንንት ነው። እንዲህ ያለ ሰው ከሐኪም የሚጠብቀውን መገመት አያዳግትም፤ አንድ ጊዜ ተውጦ የሚገላግል ነገር ነው። ኢብን መይሙን የሰጠው ሌላ ነው። ስለ አየር ጻፈለት፤ ከእስክንድርያ እርጥብ አየር የካይሮ ደረቅ አየር እንደሚሻለው ነገረው። ስለ ምግብ፣ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ቁጣና ስለ ሐዘን ጻፈለት። የዶሮ መረቅም አዘዘለት፤ እናቶቻችን ይህን ቢሰሙ «አላልኳችሁም?» ማለታቸው አይቀርም። በጥቅሉ ያቀረበለት ሥርዓት የሕመሙን ሰዓት ብቻ ሳይሆን በሕመምና በሕመም መካከል ያለውን ጊዜ የሚመለከት ነበር። መኳንንቱ ደስ ይበለው አይበለው እንጃ።

ወደ ሐረር እንመለስ፤ በተለይ ወደ ሸዋ በር። ሐረሪዎች አስማዲን በሪ ይሉታል። በምዕራብ በኩል ወደ ሸዋ የሚያወጣው በር ስለሆነ በአማርኛ ሸዋ በር ተባለ። ከበሩ ውጪ ያለውን ገበያ የሚያውቅ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ በሽታው ብቻ ሊለየው ይችላል፦ በርበሬው፣ እርዱ፣ ከሙኑ፣ ዕጣኑ፣ የከሰሉ ብናኝ፣ የሚቆላው ቡና። ለጤነኛ ሰው የሐረር ሽታ ነው። አስም ላለበት ደግሞ አንድ ቆንጥር በርበሬ በነፋስ መምጣቱ ብቻ ይበቃል። የሚገርመው ግን ትንፋሽ የሚዘጋው ብቻ ሳይሆን የሚከፍተውም እዚያው ገበያ ውስጥ ተደርድሮ መገኘቱ ነው።

መጀመሪያ ቡና። በርተን ሐረርን ጎብኝቶ ከሄደ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1860፣ ሄንሪ ሃይድ ሶልተር የተባለ የለንደን ሐኪም ስለ አስም አንድ መጽሐፍ አሳተመ። ሶልተር ራሱ አስመኛ ነበር። ከሞከራቸው ነገሮች ሁሉ ጠንካራ ቡናን ከምርጦቹ መድኃኒቶች መደበው። ሐረር በበኩሏ ቡናዋን በዘይላና በኤደን በኩል ለዓለም ገበያ ስታቀርብ ኖራለች፤ ገጣሚው አርተር ራምቦ ራሱ በ1880 ሐረር የመጣው ለቡና ነጋዴ ተቀጥሮ ነው። ሶልተር የተሳሳተ አልነበረም። በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን የአየር ቧንቧን በመጠኑ ያሰፋል፤ ውጤቱም እስከ አራት ሰዓት ሊቆይ እንደሚችል በኋላ ጊዜ በጥናት ተረጋግጧል። የካፌይን የቅርብ ዘመድ የሆነው ቴኦፊሊን በ1888 ከሻይ ቅጠል ተለይቶ ወጣ፤ ከ1920ዎቹ ጀምሮም የአስም መድኃኒት ሆነ። አባቶቻችን ከጤና ጣቢያ ይወስዱት የነበረው የአስም ኪኒን ቴኦፊሊንና ኤፌድሪን የተደባለቁበት ነበር። ቡና ግን ደካማ ነው። ደረቱ የተዘጋ ሰው ጀበና እስኪፈላ አይጠብቅም፤ ከሰሉም ዕጣኑም የሚያባብስበት ይሆናል።

ሁለተኛው ጫት ነው። «ጫት ለአስም ጥሩ ነው» የሚል ወሬ በሐረርም በድሬዳዋም የማይሰማበት በርጫ የለም። ወሬው ከየት እንደመጣ ብንፈልግ ኬሚስትሪው ውስጥ አንድ ክር እናገኛለን። በጫት ውስጥ የሚያነቃቃው ካቲኖን በ1975 በተባበሩት መንግሥታት የአደንዛዥ ዕፆች ቤተ ሙከራ ተለይቶ ታወቀ፤ አሠራሩ የኤፌድሪን ወንድም ነው። ኤፌድሪን ደግሞ ቻይናዎች ለዘመናት ከሚያፈሉት ማ ኋንግ ከሚባል ቁጥቋጦ በ1885 በጃፓናዊው ናጋይ የተለየ፣ በ1924 በፔኪንግ በተሠራ ጥናት ዓለም ያወቀው የአስም መድኃኒት ነው። ዝምድናው እውነት ነው። መድኃኒትነቱ ግን አይደለም፦ መጠኑ አይታወቅም፣ ልብን ያፋጥናል፣ እንቅልፍ ይነሳል፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሲጋራና ከሺሻ ጭስ ጋር ሲሆንማ ምን እንላለን?

ሦስተኛው ገበያ ውስጥ አይሸጥም፤ ግን በየመንገዱ ዳርና በየፍርስራሹ ይበቅላል። አስተናግር ነው፤ አጤ ፋሪስም ይባላል። እሾሃማ ፍሬ፣ ነጭ የጥሩምባ ቅርጽ ያለው አበባ። ሕንዶች የዚህን ዘመድ ለትንፋሽ ማጠር ያጨሱት ነበር፤ በ1802 አካባቢ አንድ እንግሊዛዊ ጄኔራል ከማድራስ ይዞት ወደ አገሩ ገባ። ከዚያ በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ አውሮፓና አሜሪካ «የአስም ሲጋራ» ሲያጨሱ ኖሩ። በውስጡ ያለው አትሮፒን ቧንቧውን በእርግጥ ያላላል፤ የዛሬው አይፕራትሮፒየም የሚባለው የሆስፒታል መድኃኒት የተሠራው ከእሱ ነው። ስሙ ግን ሁሉን ይነግረናል፦ አስተናግር፣ ያስለፈልፋል። ከመጠን ትንሽ ካለፈ ያቃዣል፣ ልብ ያስመታል፣ ይገድላል። እባካችሁ፣ ይህን አንብቦ ቅጠሉን ለመቁረጥ የሚነሳ አይኑር።

እስካሁን ያየናቸው ሁሉ በጭስ ወይም በሆድ የሚሄዱ ናቸው። ለውጡ የመጣው በመርፌ ነው።

በ1901 ጃፓናዊው ዮኪቺ ታካሚኔ ኒውዮርክ ውስጥ ከከብት ኩላሊት በላይ ካለችው ዕጢ አድሬናሊንን በንጹሕ ክሪስታል መልክ አወጣ። ሰው ሲደነግጥ ሰውነቱ ራሱ የሚያመነጨው ነገር ነው። በ1903 በዚያችው ከተማ ሁለት ሐኪሞች ከቆዳ በታች በመርፌ ሲሰጥ አስምን በደቂቃዎች እንደሚያቀል ጽፈው አሳወቁ። ከገራድ መሐመድ ጭስ ወዲህ ግማሽ ምዕተ ዓመት እንኳ አልሞላም ነበር።

በዚያው ዓመት፣ በ1901፣ በሌላ የዓለም ጫፍ አንድ መርከብ ላይ ሌላ ታሪክ ተጀመረ። የሞናኮው ልዑል አልበርት መርከባቸው ላይ ሁለት ፈረንሳውያን ሳይንቲስቶችን ይዘው ነበር፤ ፖል ፖርቲዬና ሻርል ሪሼ ይባላሉ። የባሕር እንስሳት መርዝ ያጠኑ ነበር። ፓሪስ ከተመለሱ በኋላ ለውሾች ከመርዙ በትንሹ ሰጡ፤ ሐሳባቸው እንደ ክትባት ሰውነታቸው እንዲለምደው ነው። ኔፕቱን የሚባለው ውሻ የመጀመሪያውን መርፌ ችሎ ጤነኛ ሆኖ ኖረ። ከሦስት ሳምንት ገደማ በኋላ ሁለተኛውን ትንሽ መጠን ሲወጋ ግን ወዲያው መተንፈስ አቃተው፣ ወደቀ፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሞተ። ሰውነቱ መርዙን አልለመደም፤ ጠላት አድርጎ መዝግቦት ነበር። በ1902 ክስተቱን «አናፊላክሲስ» አሉት፤ ሪሼ በ1913 የኖቤል ሽልማት አገኘበት።

የኔፕቱን ታሪክ ለምን አስፈለገ? ብዙ ሰው «ከዚህ በፊት ወስጄው ምንም አልሆንኩም» ስለሚል ነው። ፔኒሲሊን ባለፈው ዓመት የተወጋ ሰው ዘንድሮ ሊወድቅ ይችላል። ንብ ሦስት ጊዜ ነድፋው አራተኛው ሊሆን ይችላል። ከሐረር ብዙ በማይርቀው ባቢሌ የሚበቅለው ለውዝ በየመንገዱ ይሸጣል፤ ለአብዛኛው ሰው ምግብ ነው፣ ሰውነቱ ለተቆጣበት ግን አንድ ፍሬ ይበቃል። ምልክቱ በደቂቃዎች ይመጣል፦ ሰውነት ላይ ሽፍታና ማሳከክ፣ የከንፈርና የምላስ ማበጥ፣ የድምፅ መጎርነን፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ማስመለስ፣ ራስ መሳት። ቧንቧው በእብጠት ይዘጋል፤ ደም ሥሮች ስለሚሰፉ የደም ግፊት ይወርዳል።

አድሬናሊን ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ይመልሰዋል። የአየር ቧንቧውን ያላላል፣ ደም ሥሩን ያጠብባል፣ እብጠቱን ይቀንሳል፣ ልብን ያበረታል። የሚሰጠው በጭን ውጨኛው ጎን ጡንቻ ውስጥ ነው፤ ለአዋቂ ግማሽ ሚሊግራም፣ ለልጅ እንደ ክብደቱ። ውድ መድኃኒት አይደለም፤ በአንድ ሚሊሊትር አምፑል የሚመጣ ነው፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ1977 ካወጣው ከመጀመሪያው የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ጀምሮ አለበት። በውጭ አገር ሰዎች በኪሳቸው የሚይዙት፣ ጭን ላይ ሲጫኑት ራሱ የሚወጋው መሣሪያ የአሜሪካ ፈቃድ ያገኘው በ1987 ነው፤ መነሻው ወታደሮች ከመርዝ ጋዝ እንዲድኑ የተሠራ መርፌ ነበር። በእኛ አገር መድኃኒት ቤቶች ይህ መሣሪያ እንደልብ አይገኝም። ስለዚህ ለእኛ ሰው ፍጥነት ማለት ወደ ጤና ተቋም የሚወስደው ባጃጅ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቀን እንናገር። እንዲህ ያለ ነገር ሲከሰት ብዙ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚያደርገው ሴትሪዚን ወይም ሌላ የአለርጂ ኪኒን ሰጥቶ መጠበቅ ነው። የእነዚህ ኪኒኖች ዘር በ1930ዎቹ በፓሪስ ዳንኤል ቦቬ የጀመረው ነው፤ እሱም በ1957 ኖቤል ተሸልሟል። ለማሳከክና ለሽፍታ ጥሩ ናቸው። የታበጠ ጉሮሮ አይከፍቱም፣ የወረደ ግፊት አያነሱም። ሃይድሮኮርቲሶን መርፌም ለመሥራት ሰዓታት ይፈልጋል። ትንፋሹ ያጠረ ወይም ራሱን የሳተ ሰው የሚያስፈልገው አድሬናሊን ነው። እስከዚያው ጋደም ይበል፣ እግሩ ከፍ ይበል፤ መተንፈስ ካቃተው ቁጭ ይበል፤ «ተነሥ፣ ተራመድ» አትበሉት። መርፌውን ወስዶ ቢሻለውም ሕመሙ ከሰዓታት በኋላ ሊመለስ ስለሚችል ወዲያው ወደ ቤት አይመለስም።

አሁን ወደ ፓፍ። ከ1950ዎቹ አጋማሽ በፊት አስመኛ በትንሽ የመስታወት መርጫ ጎማ እየጨመቀ ነበር መድኃኒት የሚስበው፤ ይሰበራል፣ መጠኑ አይታወቅም። በ1955 አንዲት የ13 ዓመት አሜሪካዊት አባቷን «የእኔ መድኃኒት ለምን እንደ ፀጉር ስፕሬይ አይሆንም?» ብላ ጠየቀችው። አባትየው ጆርጅ ሜይሰን የመድኃኒት ኩባንያ ኃላፊ ነበር። በ1956 የመጀመሪያው ፓፍ ገበያ ላይ ዋለ። የልጅ ጥያቄ ነው እንግዲህ፤ አዋቂዎቹ ሳይንቲስቶች ግን አላሰቡትም ነበር።

ከዚያ ግን መጥፎው ምዕራፍ መጣ። በ1960ዎቹ በእንግሊዝ፣ በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ በአስም የሚሞቱ ወጣቶች ቁጥር በድንገት አሻቀበ። ፓፉ ውስጥ የነበረው አይሶፕሬናሊን የሚባል፣ ሳንባንም ልብንም እኩል የሚነካ መድኃኒት ነበር፤ በአንዳንድ አገር እጅግ ጠንካራው ዓይነት በሰፊው ይሸጥ ነበር። ሐኪሞች በሁለት ተከፈሉ። አንዱ ወገን መድኃኒቱ ልብን ገደለ አለ። ሌላው ወገን ሰዎቹ ፓፉን ተማምነው ሆስፒታል ሳይሄዱ ቀሩ፣ እብጠቱ በሳንባቸው ውስጥ ሲጠራቀም እነሱ ቀለል የሚል ስሜት ይገዙ ነበር አለ። ክርክሩ ዛሬም አላለቀም። ማስጠንቀቂያው ወጥቶ ሽያጩ ሲገደብ ግን ሞቱ ቀነሰ። እኛ ወደ ሁለተኛው ወገን እናዘነብላለን፤ ምክንያቱም ከዚያ በኋላ የመጣው የተሻለ መድኃኒትም ያንኑ ወጥመድ ይዞ መጥቷልና።

የተሻለው ሳልቡታሞል ነው፤ በ1960ዎቹ መጨረሻ ዴቪድ ጃክ በሚመራው የእንግሊዝ ቡድን ተሠርቶ በ1969 ቬንቶሊን ተብሎ ወጣ። ልብን ብዙም ሳይነካ ሳንባን ይከፍታል። ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ሰማያዊው ፓፍ እሱ ነው። ነገር ግን እሱም ጡንቻውን ብቻ ያላላል። እብጠቱ እዚያው ነው።

እብጠቱን ለመከላከል ከታገሉት መካከል አንዱን ሳናነሳ ማለፍ አንፈልግም። ሮጀር አልቱንያን በ1922 በሶርያዋ ሐለብ የተወለደ አርመናዊ ሐኪም ነው፤ ራሱ አስመኛ ነበር። እንግሊዝ ውስጥ በአንድ መድኃኒት ኩባንያ ሲሠራ፣ ግብጾች «ኺላ» ብለው ለኩላሊት ጠጠር ከሚያፈሉት ተክል የተገኘ ውሁድን ዘመዶች በራሱ ላይ ሞከረ። የሚቆጣበትን የእንስሳ ብናኝ እየሳበ አስሙን ሆን ብሎ ያስነሳል፣ ከዚያ የትኛው መድኃኒት እንደሚከላከልለት ይለካል። ይህን ለዓመታት በተደጋጋሚ አደረገው። በ1965 ክሮሞግሊኬት ተገኘ፤ አስም ከመነሳቱ በፊት የሚወሰድ እንጂ ሲነሳ የማይረዳ መድኃኒት። በ1972 ደግሞ እብጠቱን የሚቀንሰው ቤክሎሜታሶን በፓፍ መጣ፤ አብዛኛውን ጊዜ ቡናማው ፓፍ የሚባለው ነው። ኢብን መይሙን ስለ መካከለኛው ጊዜ የጻፈው ነገር መድኃኒት ያገኘው ያኔ ነው ማለት ይቻላል።

በ2019 ዓለም አቀፉ የአስም መመሪያ አቋሙን ለወጠ፦ ከእንግዲህ አዋቂና ወጣት አስመኛን በሰማያዊው ፓፍ ብቻ ማከም አይመከርም፤ እብጠት የሚቀንሰው መድኃኒት አብሮ መኖር አለበት። ይህ ከወጣ ዓመታት አልፈዋል። በየከተማችን ግን ዛሬም ሰው ፋርማሲ ገብቶ «ቬንቶሊን» ብሎ ገዝቶ ይወጣል፣ ሲያልቅ ይደግማል። ቡናማው ከታዘዘለትም «ሲሻለኝ» ብሎ ይተወዋል፤ ወዲያው የሚሰማ ነገር ስለሌለው። ሰማያዊውን በሳምንት ከሁለት ቀን በላይ የምትፈልጉት ከሆነ አስማችሁ በቁጥጥር ስር አይደለም፤ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። «ፓፍ ሱስ ያስይዛል» የሚለውም ወሬ ነው። እህቶቻችን ለጋብቻ እንቅፋት ይሆናል ብለው ፓፋቸውን ሲደብቁ እናውቃለን፤ የተደበቀ ፓፍ በሠርግ ቤት የዑድ ጭስ መሃል ሲፈለግ አይገኝም።

ፓፉን በቀጥታ አፍ ውስጥ መንፋት አብዛኛውን መድኃኒት ጉሮሮ ላይ ያስቀረዋል። ስፔሰር የሚባለው ዕቃ ይህን ያስተካክላል፤ ግን ውድ ነው፣ አይገኝም። በ1999 የደቡብ አፍሪካ ሐኪሞች ባሳተሙት ጥናት፣ የግማሽ ሊትር የፕላስቲክ ጠርሙስ ታቹ በፓፉ አፍ ልክ ተበስቶ ከተገጠመለት ለልጆች ከተገዛው ስፔሰር ያልተናነሰ እንደሚሠራ አሳዩ። የሃይላንድ ጠርሙስ ማለት ነው! ቀዳዳው እንዳይላላ ዙሪያው ይታሸጋል፤ ፓፉ ይናጣል፤ አንድ ጊዜ ይነፋል፤ ታማሚው በጠርሙሱ አፍ ቀስ ብሎ አራት አምስት ጊዜ ይተነፍሳል፤ ከዚያ ሁለተኛው ይነፋል። ቃል ጨርሶ መናገር ያቃተው፣ ከንፈሩ የጠቆረ ወይም ፓፉ ያልመለሰለት ሰው ግን በጠርሙስ አይጠበቅም፤ ወደ ጁገል ወይም ወደ ሕይወት ፋና፣ ወይም በአካባቢያችሁ ወዳለው ድንገተኛ ክፍል ነው። ኦክስጅንና ኔቡላይዘር ያለው እዚያ ነው።

በመጨረሻ በየረመዷኑ በመልእክት ሳጥናችን የሚመጣውን ጥያቄ እናንሳ፦ ፓፍ ጾም ያፈርሳል ወይ? በ1997 ጅዳ ላይ በተካሄደው አሥረኛው ጉባኤው ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ ስለ ሕክምናና ጾም ረጅም ውሳኔ አሳልፏል። ምግብነት የሌላቸው የቆዳ፣ የጡንቻና የደም ሥር መርፌዎች ጾም አያፈርሱም አለ፤ አድሬናሊን በዚህ ውስጥ ይገባል። ኦክስጅንም አያፈርስም አለ። ስለ አስም ፓፍ ግን ተጨማሪ ጥናት ይፈልጋል ብሎ ውሳኔውን አስተላለፈው። ኡለማዎች እስካሁን በዚህ ይለያያሉ። ኢብን ባዝና ኢብን ዑሰይሚን አያፈርስም ካሉት ናቸው፤ ወደ ሳንባ የሚሄድ እንጂ ምግብም መጠጥም አይደለም ይላሉ። ሌሎች ደግሞ የመድኃኒቱ ጠብታ በጉሮሮ ወደ ውስጥ ይደርሳልና ያፈርሳል፣ ቀኑ ቀዳ ይወጣል ይላሉ። የምትከተሉትን ዓሊም ጠይቁ። ሁለቱም ወገን የማይለያዩበት ነገር ግን አለ፦ ትንፋሹ እየተዘጋበት ያለ ሰው ፓፉን ይወስዳል፤ ለታመመ ሰው ሌላ ቀን ተቆጥሮለታል። ቡናማው ፓፍ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ጠዋትና ማታ የሚወሰድ በመሆኑ አንዱ በሱሑር፣ ሌላው በኢፍጣር ይገጥማል፤ ረመዷን ከመግባቱ በፊት ከሐኪማችሁ ጋር ሰዓቱን አስተካክሉ። ወላሁ አዕለም።